ሽፋኑ ላይ ያለችው ልጅ

ደብተር ሠርቼ እሸጣለሁ። ሰፈሩ ‹እትዬ ደብተር› እያለ ስለሚጠራኝ ትክክለኛ ስሜን የሚያውቀው መታወቂያዬ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ማተሚያ፣ አንድ መቁረጫ፣ ስድስት ሠራተኛና አንድ ምላሰኛ አታሚ አሉኝ። ከትርፉ ደግሞ ገጠር ላሉ ሴት ልጆች ቤት እንከራያለን። በሰፈራቸው ያለው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። አምስተኛ ለመማር ወንዝ ተሻግሮ፣ ሦስት ሰዓት በእግር ተሂዶ ትንሿ ከተማ መድረስ ነው። ወንዶቹ እንደምንም ይመላለሳሉ፤ ሴቶቹን ግን ማን ይልካል? ስለዚህ ትንሿ ከተማ ውስጥ አሥራ አራት አልጋ ያለው ቤት ይዘንላቸዋል። ሳምንቱን እዚያ ያድራሉ፤ ቅዳሜ ወደ እናታቸው ይሄዳሉ።

አሥራ አራት አልጋ ለመሙላት የስንቱን አባት ደጅ ጠናሁ! ቁጡ ነኝ፤ ልመና አልችልበትም። አንዱ «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» ቢለኝ «ቢያንስ ያንተን ዓይነት ባል እንዳታገባ» ብዬው ውሻውን ለቀቀብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። ውሻውም ለመደኝ፤ ልጅቷም ገባች።

አንድ ልማድ አለኝ። ለእያንዳንዷ ልጅ የመጀመሪያ ደብተሯን ስሰጥ ስሟን በራሴ እጅ እጽፍላታለሁ፤ በአረንጓዴ እስክሪብቶ። አረንጓዴ የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ ሰማያዊውን ሠራተኞቼ ስለሚሰርቁኝ ነው። አረንጓዴ ማንም አይፈልግም። ጽሑፌ ደግሞ ጋደም ያለ ነው፤ ልጆቹ «የእትዬ ፊደል እንቅልፍ ይወዳል» እያሉ ይስቁብኛል።

ይህን ያወጣችው ሳቂታዋ ናት። ሁላችንም ሳቂታዋ ነበር የምንላት። የዛሬ ስምንት ዓመት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል፤ ከክፍሏ አንደኛ። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ስለነበር ስትስቅ በእጇ ትሸፍነዋለች። የዚያን ዓመት ደብተሩ አልሸጥ ብሎን አታሚዬ «ሽፋኑ ላይ አበባ ማን ይገዛል? ሰው ያለበት እናድርግ» አለ። እውነቱን ነበር። መኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ አቁመን በስልኩ አነሳት። እጇን ወደ አፏ ስትልክ ተቆጣኋት።

«እጅሽን አውርጂ! ጥርስሽ ነው የሚያምረው።»

«እትዬ፣ ከተማው ሁሉ ያየኛል ማለት ነው?»

«ያይሻላ!»

ዘለለች። ከሥሯ ‹እየተማርኩ ነው› ብለን አተምንባት። ደብተሩ ተቸበቸበ። በሁለት ወር ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የነበረው ወረቀት አልቆ ሌላ አተምን፤ አልቆ ሌላ አተምን። ነጋዴው «ፊቷ ገበያ አለው» ሲለኝ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ደብተሩን ይዞ ወርክሾፑ ድረስ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ማር የሆነ፣ የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ነበር። ለልጆቹ ደብተር ገዝቶ ነው ያያት። «ይቺን ልጅ ላስተምራት፤ ቤተሰቧንም ልርዳ» አለኝ። ከእሱ በፊት እንዲህ ብለው የመጡ አራት ሰዎች አልጋና ብርድ ልብስ አምጥተውልን ነበር። አምስተኛው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወረቀት ቀደድኩና ጻፍኩለት፤ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከወፍጮ ቤቱ በስተግራ፣ ሦስተኛው ቆርቆሮ ቤት፤ የአባትየው ስም ይኸውና። ከታች ደግሞ፣ እጄን በቆረጠው፣ ‹ልጃችንን ስለሚረዱልን እናመሰግናለን› ብዬ ጨመርኩበት። በአረንጓዴ እስክሪብቶ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት እንደኔ ያለችውን ነው።

ሳቂታዋ አንድ ቅዳሜ ወደ እናቷ እንደሄደች ሰኞ አልተመለሰችም። ሄጄ ስደርስ ሠርጉ አልቋል። አባቷ «አማቼ ባለመኪና ነው» ብሎ ደረቱን ነፋብኝ። ጮኽኩ፣ ሰደብኩ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተመላለስኩ። ሦስት ሽማግሌዎች አሥራ ስምንት ሞልቷታል ብለው መሰከሩ። ፋይሉ ላይ ሳይ ማስታወሻ የያዙበት ደብተር የእኛ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ሳቂታዋ ትስቃለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም።

አባቷ ሰውየውን «ቤቱን ማን አሳየህ?» ሲለው «የሚስትህ ወንድም ነው» ብሎት ነበር። የእናትየው ወንድም ከተማ ውስጥ ሸክም የሚሸከም ምስኪን ነው። እናትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟን ደጇ አላስደረሰችውም። ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው? እኔ ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ፈጀው እንጂ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታ እንዴት እንደሚታሽ የነገረኝ የለም።

ሽፋኑን አስቀየርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ የታተመው ታትሟል። ለውዝ ስገዛ የሚጠቀለልልኝ በእሷ ፊት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ የቀረውን የሚመዘግበው በእሷ ደብተር ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ ጉልበቱ ላይ ይዟት ይሄዳል። ከወርክሾፑ ማዶ ባለው ሱቅ መስኮት ላይ አንዷ ቀርታ ፀሐይ መልኳን እየበላው፣ ዓይኗ ጠፍቶ ፍንጭቷ ብቻ እስኪቀር ድረስ ሁለት ዓመት አየችኝ። ገዝቼ ልጣላት ገባሁና ባለሱቁን ሳሙና ጠይቄው ወጣሁ። አብዳለች በሉኝ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በኋላ በር ነው የምገባው።

ሳቂታዋ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ታናሽ እህቷ አራተኛ ክፍል ጨረሰች። አባቷም በዚያው መካከል ሞቶ ስለነበር ቃሉ የእናትየው ነበር። አንድ አልጋ ባዶ ነበረኝ። ይቺን ካወጣሁ ያቺ ፊቷን ታዞርልኛለች ብዬ ራሴን አታለልኩ መሰለኝ። ብቻ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን። ታናሿ ዕቃዋን በጨርቅ ቋጥራ በር ላይ ቆማለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ። እናትየው ውሃ ሰጠችኝና እኔ ንግግሬን ሳልጀምር ጀመረች።

«ልጄን አልከለክልዎትም፣ እትዬ። የመጀመሪያዋ ከእናንተ ዘንድ በነበረች ጊዜ ደስተኛ ነበረች። የወሰዳት ሌላ ነው። እናንተ ምን አደረጋችሁ?»

ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ግን አንድ ነገር ያንብቡልኝ» አለችና ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ሳበችው። ከልብሶች መካከል ደብተር አወጣች። ሽፋኑ ላይ ሳቂታዋ ናት። መሃሉን ገልጣ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት አነሳች። «ከሞተች በኋላ ዕቃዋን ሲልኩልኝ ከውስጡ አገኘሁት። ለእኔ የላከችው ቃል ይሆናል እያልኩ እይዘዋለሁ። ለአስተማሪው እንዳልሰጥ አፉ አያርፍም። ለዚህችኛዋ ብሰጣት ቀለሙ ደብዝዟል፣ አይነበብም አለችኝ። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ መነጽርም አለዎት።»

መነጽሬን አደረግሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ።

ምንም አልደበዘዘም። ትናንት የተጻፈ ይመስል ነበር። ወንዙ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሦስተኛው ቆርቆሮ ቤት፣ ‹ልጃችንን ስለሚረዱልን እናመሰግናለን›፤ ሁሉም ጋደም ብሎ፣ በአረንጓዴ።

ሳቂታዋ ከሰውየው ኪስ አግኝታው ነበር ማለት ነው። አግኝታ አልቀደደችውም። ፊቷ ባለበት ደብተር ውስጥ አስቀመጠችው። እኔን በምን ዓይን እያሰበች እንደሞተች ያኔ ገባኝ።

ቀና ስል ታናሿ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አልነቀለችም። ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ ናት። ይህን ጽሑፍ የማታነብበት ምክንያት አልነበረም።

«ምን ትላለች?» አለች እናትየው። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ጨምቃ ትጠብቃለች። እውነቱን ብናገር ወንድሟ ነፃ ይወጣል፤ ይቺ ልጅ ግን እዚህ ቤት ትቀራለች፤ ወሬው ሳምንት ሳይሞላው አሥራ ሦስቱንም አባቶች ያዳርሳል። እንዲህ እያልኩ ማሰቤ ለልጆቹ ነው ልበላችሁ? አይደለም። ፈራሁ።

«ደብዝዟል» አልኩ። «አይነበብም።»

እናትየው ወረቀቱን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ አስተካከለችው። «እኔስ አንድ ነገር ልትለኝ ፈልጋ ነው ብዬ ነበር» አለች። አጥፋ መለሰችው። ሳጥኑን በእግሯ ገፋችና ታናሿን ሳመቻት። «በሉ ውሰዷት።»

ወንዙን ተሻገርን።

«እማዬ ብታውቅ አትልከኝም ነበር» አለች ታናሿ፤ መስኮቱን እያየች።

«መቼ ነው ያነበብሽው?»

«ሦስተኛ ክፍል እያለሁ።»

«የእኔ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«የእህቴ ደብተር ላይ ስሟ አለ። ያው ነው፤ እንቅልፍ ይወዳል።»

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ቋጠሮዋን አቅፋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ይቅርታ ልላት ስል አስቆመችኝ።

«ለእኔ አይንገሩኝ፣ እትዬ። አጎቴ ነው የተጎዳው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ልማር። ተፈትኜ ስጨርስ ለእማዬ አነብላታለሁ። ያኔ ከትምህርት ቤት ብታስወጣኝም የተማርኩትን ከውስጤ አታስወጣውም። ሳነብላት እርስዎም አጠገቤ ይሆናሉ።»

«አራት ዓመት ነው እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ቆጥሬዋለሁ።»

አራት ዓመት አስተማርኳት። የሚያጋልጠኝን አፍ በገዛ እጄ ማንበብ አስተማርኩት ማለት ነው። አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። እትዬ ትለኛለች፣ አልጋዋን ታነጥፋለች፣ አንደኛ ትወጣለች። በየዓመቱ አዲስ ደብተር ሳድል ተራዋ ሲደርስ ደብተሩን ገልጣ ትዘረጋልኛለች፤ ስሟን በአረንጓዴ እስክጽፍ ድረስ ትጠብቃለች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሄዳለች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ፊቷ የእህቷን ፊት ሆነ። ፍንጭቷ ሳይቀር። ምንም የማያውቀው አታሚዬ አንድ ቀን አይቷት «እትዬ፣ ይቺን ሽፋን ላይ ብናደርጋት…» ሲል በእጄ የያዝኩትን ማስመሪያ ወረወርኩበት። ግንባሩ ላይ ምልክቱ አለ። እስከዛሬ ምን እንደበደለኝ አልነገርኩትም።

ቀድሜ ሄጄ መናገር እችል ነበር። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ መሪውን አዙሬያለሁ። ሰበብ አላጣሁም፤ መኪናው ሞቀ፣ ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፣ ዝናብ መጣ። ያ ምስኪን አጎት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለእኔው ወርክሾፕ ወረቀት ይሸከማል። እኔው ነኝ ፈልጌ ያመጣሁት፤ በሥራ የምክሰው መስሎኝ። ጥቅሉን አውርዶ ላቡን እየጠረገ «እህቴ አንድ ቀን ይገባታል፣ እትዬ። ደም ውሃ አይሆንም» ይለኛል። ይመርቀኛል እንኳ! አምና ሳል ጀምሮታል። በሳለ ቁጥር ቢሮዬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኞ ይጀምራል፣ ረቡዕ ያልቃል። «ሐሙስ መኪናውን ያዘጋጁልኝ» ብላ ልካብኛለች። ለአጎቷ ሐሙስ ሌላ ሥራ እንዳይዝ ነገርኩት። ወረቀት የምናመጣ መስሎት «ስንት ጥቅል ነው?» አለኝ። «አንድ ነው» አልኩት።

ትናንት ለፈተናው ሁለት እስክሪብቶ ገዝቼ ላክሁላት፤ አንዱ ቢያልቅባት ብዬ። ሰማያዊ ነው የገዛሁት። በአረንጓዴ መፈተን አይፈቀድም።