አዮዲን ያለበት ጨው

ልዩ ያንን ሳምንት ሰው ሳያያት ልታሳልፈው ነበር ያሰበችው። እንዴት ተደርጎ! እትዬ ውብነሽ በሚኖሩበት ሕንፃ ተደብቆ መታመም አለ እንዴ?

ዝግጅቷ እንኳ ምንም አልጎደለውም። ሆሊውድ ውስጥ ከምትሠራበት ሆቴል ፈቃድ ወስዳለች፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የምትሠራው። ፍሪጇን በእርጎ፣ በሾርባና በአይስክሬም ሞልታለች። ከኦፕሬሽን በኋላ ቤት የሚያደርስ ሰው ግዴታ ነው ስላሏት፣ እዚያው ሆቴል ፓርኪንግ የሚሠራው ፊሊሞን ድራይቭ አድርጎ አመጣት፤ ጉዳዩን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ደረጃውን ደግፎ አወጣት፣ ትራሷን ከፍ አድርጎ አስተኛት፣ "ቃል እንዳይወጣሽ ብለዋል፣ ሰምተሻል?" አለና ወደ ሥራው በረረ።

የተሠራላት ነገር ለሐኪሞቹ ትንሽ ነገር ነው። ወንዶች ጉሮሮ ላይ ወጣ ብሎ የሚታየው ጠንካራ ነገር፣ ማንቁርት የሚባለው፣ እሷም ነበራት፤ አንገቷን በትንሹ ቀደው ሞረዱና ዝቅ አደረጉላት። ልዩ ስትወለድ "ወንድ ነው" ተብሎ እልል የተባለላት ሴት ናት። ስሟን መቀየር እንኳ አላስፈለጋትም፤ አባቷ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም አውጥቶላት ሳያውቀው አንድ ሥራ አቅልሎላታል። ሌላ ያቀለለላት ነገር የለም። ሎንግ ቢች ያሉት ቤተሰቦቿ ስልኳን ማንሳት ካቆሙ ቆይተዋል።

ፀጉሯም፣ ልብሷም፣ ኑሮዋም እንደ ልቧ ሆኖላት ሳለ ያቺ አንገቷ ላይ የቀረች ጉብታ ግን መቀመጫ ነስታት ነበር። በሐምሌ ሙቀት አንገት የሚሸፍን ሹራብ ትለብሳለች። ስታወራ አገጯን ቁልቁል ትደፋለች፣ እጇን ጉሮሮዋ ላይ ታደርጋለች። የእንግዳ ዓይን ወደ አንገቷ ዝቅ ባለ ቁጥር የምትለው ይጠፋታል።

ይህን ሁሉ እትዬ ውብነሽ ሲያዩ ከርመዋል። የማያዩት ነገር ምን አለና! የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ወጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው መስኮታቸው ሆኗል፤ ቤታቸው ደግሞ ከሕንፃው ዋና በር አጠገብ ነው። ስለዚህ ልዩ ፋርማሲው የላከላትን መድኃኒት ልትወስድ ቀስ ብላ ስትወርድ፣ ነጩ ፋሻ አንገቷ ላይ እንዳለ እጅ ከፍንጅ ያዟት።

"በስመ አብ!" አሉ እትዬ ውብነሽ ደረታቸውን ይዘው። "አስወጣሽው? እንቅርትሽን አስወጣሽው?"

ልዩ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። መናገር ተከልክላለች።

"እኔ እኮ ብያለሁ! ለጓደኛዬ ለሰርክ 'ያቺ ልጅ እንቅርት አለባት፣ አፍራ ነው የምትሸፍነው' ብያታለሁ። እሷ 'ብርድ ፈርታ ነው' ትለኛለች። የሎስ አንጀለስ ብርድ! እንቅርት ነው አይደል?"

ምን ታድርግ? ልዩ ራሷን ነቀነቀች። ቁስሉ የፈቀደላትን ያህል፣ ትንሽ ብቻ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እትዬ ውብነሽ ያን ጊዜውኑ የአንገት ልብሳቸውን ፈቱ። በቤት በውጭ ከአንገታቸው የማትለየውን ያቺን ቡናማ ሻርፕ ማለት ነው። አንገታቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የድሮ ጠባሳ ወጣ። "አየሽ? ደሴ ነው፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ። እንደ ጆንያ ነው የሰፉኝ። ለሰው አሳይቼ አላውቅም፤ አንቺ ግን አሁን ከእኛ ወገን ነሽ። በይ ወደ ላይ ውጪ፣ ተኚ፣ እመጣለሁ።"

መጡም። በአንድ እጃቸው የአጃ አጥሚት በድስት፣ በሌላው ሁለት ካርቶን ጨው። "አዮዲን ያለበት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ጨው እዚህ ቤት አይግባ።" ከዚያ የፍሪጁን በር ከፍተው ውስጡን እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ፈተሹትና አንድ ጥቅል ጎመን አወጡ። "ጎመን! ለእንቅርት እኮ ጠላት ነው፣ ማንም አልነገረሽም?" ጎመኑን በብብታቸው አድርገው ይዘውት ሄዱ። ልዩ የሳቋን ነገር አታንሱት፤ ሳቅ ያማት ነበር፣ ግን ከቁስሉ ጋር እየታገለች ሳቀች።

በማግስቱ እትዬ ሰርክንና ሌላ አንዲት የቤተክርስቲያን ጓደኛቸውን አስከትለው በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። ሦስቱም አልጋዋን ከበው ተቀመጡ። መናገር የማትችል በሽተኛ መቼም ለጠያቂ የምትመች ናት፤ በላይዋ ላይ ያወሩ ጀመር። የማን እህት እንቅርቷ እንደወጣላት፣ ማን በቅጠል እድናለሁ ብላ እንዳባሰችው፣ የትኛዋ ሐኪም ቤት ሄዳ የሰፋትን ሐኪም አግብታ እንደተመለሰች ተራ በተራ ተነሳ።

"የእኔ በወጣ በዓመቱ ነው የተዳርኩት" አሉ እትዬ ውብነሽ።

"ባልሽ አንገትሽን አይቶ መስሎሻል?" አሉ እትዬ ሰርክ። "ወጥሽን ቀምሶ ነው!"

"ዝም በይ አንቺ። ልዩዬ፣ አትስሚያት። አሁን የቀረሽ ባል ብቻ ነው።"

ልዩ በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያ ተቀምጣ አታውቅም። ሴቶች መሃል ሆና፣ ማንም በጥርጣሬ ሳያያት፣ "እንዲህ ነሽ እንዴ?" የሚል ሳይኖር፣ ትራሷን እያስተካከሉላት። ደስ አላት። ልቧ እስኪሞላ ደስ አላት። በሩ ሲዘጋ ግን ደስታው ሳይወርድ ሐፍረት መጣባት፤ ይህ ሁሉ አጥሚት ለእኔ አይደለም፣ ለሌለብኝ እንቅርት ነው አለች በልቧ።

ቀናት እያለፉ ሲሄዱ እብጠቱ ጎደለ። ምራቋን ስትውጥ ይቆረቁራት የነበረው ላላ። ሐኪሟ በስልክ "አሁን ቀስ ብለሽ መናገር ትችያለሽ፤ ዓርብ ስቲችሽ፣ የተሰፋሽበት ክር፣ ይወጣል" አላት። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ "ልዩ" ብላ ሞከረችው። ሻከር ያለ ቢሆንም የራሷ ድምፅ ነው። እትዬ ውብነሽ ሲመጡ ግን ጉሮሮዋን በጣቷ እያሳየች ዝም አለች። ከተናገረች እውነቱን መናገር ሊኖርባት ነው፤ እውነቱን ከተናገረች ደግሞ እትዬ ውብነሽ ይቀራሉ። እትዬ ውብነሽ እንዲቀሩባት አልፈለገችም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ውብነሽ ያለ ወሬ መጡ። ይህ ብቻውን ያስፈራል። ድስታቸውን አስቀመጡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፣ የአንገት ልብሳቸውን ፈቱ።

"እጅሽን አምጪ።"

የልዩን ጣቶች ይዘው ከጠባሳቸው ከፍ ብሎ በግራ በኩል አስቀመጧቸው። ከቆዳው ሥር አንዲት ጠጠር ያለች ነገር አለች፣ ሽምብራ የምታህል።

"ተመልሶ መጣብኝ" አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። "ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነው። ለሰርክም አልነገርኳት። ነቀርሳ ነው ቢሉኝስ ብዬ... ፈራሁ ልጄ። አንቺን ሳይሽ ነው ልቤ የደፈረው። ነገ ለስቲችሽ እኔ ነኝ የምወስድሽ። ያንቺ ዶክተር እኔንም ይየኝ። እጁ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ሲሻልሽ አይቻለሁ።"

ልዩ ጣቶቿን ከአንገታቸው ቀስ ብላ አነሳች። አሁን ዝም ብትል እኚህ ሴትዮ ነገ የማይመለከተው ሐኪም ፊት አንገታቸውን ገልጠው ይቆማሉ፤ "እዚህ አይደለም" ይባላሉ፤ አፍረው ይመለሳሉ፣ ዳግመኛም ሐኪም ቤት አይረግጡም። ብትናገር ደግሞ ምን እንደሚመጣ ከሎንግ ቢች ታውቀዋለች።

"እትዬ" አለች።

"እሰይ! ድምፅሽ ተመለሰ!" ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"እትዬ፣ እኔ እንቅርት አልነበረኝም።"

የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ። "ታዲያ ምንሽን ነው የቆረጡሽ?"

"ማንቁርቴን ነው። እንደ ወንድ የወጣ ማንቁርት ነበረኝ። ስወለድ ወንድ ነው ተባለ፤ ወንድ ሆኜ ለመኖርም ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ሴት ነኝ እትዬ። መጀመሪያ መናገር ስለማልችል ነው ራሴን የነቀነቅኩት። በኋላ ግን መናገር ስችልም ዝም አልኩ። እንዳይቀሩብኝ ፈርቼ ነው። ያንን ዶክተር አይዩት፤ ለዚህ የሚሆነው ሐኪም ሌላ ነው። እኔ እፈልግልዎታለሁ።"

እትዬ ውብነሽ አማተቡ። ደግመው አማተቡ። የአንገት ልብሳቸውን አጠባብቀው አሰሩ፣ ተነሱ፣ አጥሚቱ ያለበትን ድስት እንዳለ አንስተው ወጡ። በሩን እንኳ አላጋጩትም፤ ቢያጋጩት ይሻል ነበር።

ልዩ አለቀሰች። ማልቀስ ጉሮሮ ያማል፣ ቢሆንም አለቀሰች። ሲወጣላት ፊቷን ታጠበችና ስልኳን አነሳች። በዚያ በሻከረ ድምፅ ክሊኒክ ለክሊኒክ ደወለች፤ "አልሰማንሽም" ሲሏት ደገመች። በመጨረሻ እንቅርት የምታይ አንዲት ሐኪም ጋ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ያዘች፣ በወይዘሮ ውብነሽ ስም። ይምጡም ይቅሩም፣ ቀጠሮው ይኖራቸዋል።

ዓርብ ጠዋት ፊሊሞን ሥራ ስለነበረው ኡበር ልትጠራ ወረደች። የእትዬ ውብነሽ አሮጌ ቶዮታ ደጁ ላይ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። እሳቸው ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርገው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊት ለፊት ያያሉ።

"ግቢ" አሉ ሳይዞሩ። "ስቲች አይጠብቅም።"

ፌርፋክስን ሽቅብ ሲነዱ ያልሰደቡት ሹፌር የለም። ለልዩ ግን ቃል አልተነፈሱም። ቀይ መብራት ሲይዛቸው ነው የፈነዱት።

"ስምሽን ለጸሎት ሰጥቻለሁ፣ ታውቂያለሽ? 'ለልዩ፣ ለእንቅርቷ' ብዬ! እግዜርን አሳሳትሺኝ!"

"ይቅርታ እትዬ።"

"አልገባኝም፤ እውነቴን ነው የምልሽ። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ፣ አሁንም አልገባኝም። ምናልባት አይገባኝም ይሆናል።" መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሳቸው አልነዱም፣ ከኋላ ክላክስ ይጮሃል። "ግን ዝም ብትዪ ኖሮ እኔ ምን አውቄ ነበር? አጥሚቴን እየጠጣሽ መኖር ትችይ ነበር እኮ። ለእኔ አንገት ብለሽ ነው የተናገርሽው። ኧረ አትጩህ አንተ፣ እየሄድኩ ነው!"

ልዩ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ዓይኗ ሞላ።

"ድስቱን በመውሰዴ ግን አልጸጸትም፤ ተናድጄ ነበር። ጨዉን እንዳትመልሺልኝ። ጨው ለሰው ሁሉ ነው።"

"ጎመኔስ?"

እትዬ ውብነሽ ነዳጁን ረገጡ። "ጎመንሽን በላሁት።"

"ለእንቅርት ጠላት ነው አላሉም?"

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ልዩ ተከተለች፤ ሳቁ አሁን ብዙም አላመማትም።

ነርሷ ስቲቹን ስታወጣ እትዬ ውብነሽ ውጭ ጠበቁ። ልዩ ስትወጣ አንገቷ ባዶ ነው፤ ሹራብ የለም፣ ፋሻ የለም፣ አገጯም ቀና ብሏል። መነጽራቸውን አውልቀው ቀረብ ብለው አዩት። አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ብቻ።

"ከእኔ ይሻላል የሰፉሽ" አሉ፤ ቅናትም ነበረበት። በዚያው ቅጽበት ስልካቸው ጮኸ። እትዬ ሰርክ ናቸው፤ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ኮሪደሩን ሞላው፦ "ልጅቷስ? እንቅርቷ እንዴት ሆነ?"

ልዩ ቆማ ጠበቀች። ከዚህች አንዲት መልስ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ቀና ብላ ትሄድ እንደሆነ ይለያል።

እትዬ ውብነሽ ልዩን አዩ፣ ስልኩን አዩ። "እንቅርት አልነበረም" አሉ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ምን እንደነበር እሷ ከፈለገች ትነግርሻለች፣ ካልፈለገች አትነግርሽም። ለማንኛውም ድናለች። ቅዳሜ ቤቴ ምሳ አለ፣ እሷም ትመጣለች፣ አንቺም ነይ።" ስልኩን ዘጉት።

በሳምንቱ ቀጠሮው ደረሰ። የእንቅርት ሐኪሟ ክፍል ሲደርሱ እትዬ ውብነሽ በር ላይ ቆም አሉና "ልዩ፣ ነይ አጠገቤ ቁሚ" አሉ። የአንገት ልብሳቸውን ራሳቸው መፍታት አቃታቸው። ልዩ ፈታችላቸው። ሐኪሟ ጣቶቿን አንገታቸው ላይ አድርጋ ውሃ በኩባያ ሰጠቻቸው።

"ሲውጡ ልትዳስሰው ነው" ብላ ልዩ ተረጎመችላቸው። "ዋጥ ያድርጉ።"

ውሃው አፋቸው ውስጥ ቀረ። በዓይናቸው "እምቢ አለኝ" አሏት። ልዩ ከጠረጴዛው ሌላ ኩባያ ቀድታ ፊት ለፊታቸው ቆመች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል ቦታ፣ ውሃውን ዋጠች። እስከ ታች ወረደላት። ምንም አላመማትም። እትዬ ውብነሽ ዓይናቸውን ከአንገቷ ላይ ሳይነቅሉ እሳቸውም ዋጡ።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ክፉ ነገር እንደማይመስላት፣ ለማረጋገጥ ግን አልትራሳውንድ እንደሚያስፈልግ፣ ክፍሉም ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ እንደሆነ ነገረቻቸው። ልዩ የአንገት ልብሱን መልሳ ልታስርላቸው ዘረጋችው።

እትዬ ውብነሽ እጇን መለስ አደረጉት። "ያዢልኝ" አሉና ባዶ አንገታቸውን ይዘው ቀድመው ወጡ።