የመካከሉ ጥጥ

«ይህ ስፌት የእኔ አይደለም» አለች አሮጊቷ፣ የሚሰማት ሰው ሳይኖር።

ፍራሹን ጓሮው ሲሚንቶ ላይ ዘርግታ፣ ተንበርክካ፣ ጠርዙን በምላጭ እየተረተረች ነበር። አርባ ሁለት ዓመት ፍራሽ ሰፍታ የገዛ እጇን ካልለየች ዓይኗ ምን ሊሠራ ተፈጠረ? የእሷ ስፌት የጉንዳን ሰልፍ ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይቀድምም። ይህኛው ግን በግርጌው ጥግ አንድ ስንዝር ያህል ተንጋዶ የተወጋ፣ ሰካራም የሄደበትን መንገድ የሚመስል ነው። ክሩም የሸሚዝ ክር ነው፤ ጫፉ ሳይቋጠር የተተወ፣ ሲስቡት የሚላላ። ፍራሽን በሸሚዝ ክር የሚሰፋ ሰው ጉድጓድም በሻይ ማንኪያ ይቆፍራል።

ፍራሹ የልጇና የምራቷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለሠርጋቸው ራሷ ሞልታ፣ ራሷ ሰፍታ ሰጠቻቸው። ልጇ ብረት በያጅ ነው፤ ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። ምራቷ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ሰፈሩ ስሟን ትቶ «ሾፌሯ» ነው የሚላት፤ እሷም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትመለስም። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የልጁ አጎት ይመጣል። የጠራችው አሮጊቷ ናት። ጉዳዩ አጭር ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ያልወለደች ሴት ወደ እናቷ ቤት ትሂድ፣ ልጁም ሌላ ያግባ። ልጁ እናቱን እምቢ ማለት ለምዷል፤ አጎቱን ግን እምቢ ብሎ አያውቅም።

ፍራሹን የፈታችውም ለዚሁ ነበር። ለምትቀጥለዋ ልታድሰው።

ጠማማውን ስፌት በጠሰችና እጇን ሰደደች። ጥጥ ነካች፣ ሌላ ጥጥ ነካች፣ ከዚያ ጥጥ ያልሆነ ነገር ነካች። የጨርቅ ከረጢት ሆኖ ወጣ። ስትፈታው በብር ወረቀት የታሸገ ትልልቅ ኪኒን፣ ለብቻው የታሸገ አምስት ትንንሽ ኪኒን፣ የሐኪም ቤት ካርድና አንድ ወረንጦ አገኘች። ካርዱን ገለባበጠችው፤ ማንበብ ስለማትችል ካርዱ ከእሷ ጋር ጨዋታ አልነበረውም። ወረንጦውን ስታይ ግን ምላጩ ከእጇ ወደቀ።

ለማንም ነግራ አታውቅም እንጂ በዚህ ቤት የምትሰማው ነገር አለ። ሊነጋጋ ሲል፣ ከመታጠቢያ ክፍሉ፣ ቀጭ ይላል። ዝም ይላል። ደግሞ ቀጭ። እንደዚያ ታደርግ የነበረችው ታላቅ እህቷ ናት፤ በሕይወት ሳለች «እታለም» የምትላት፤ ከሞተች ሃያ ስድስት ዓመቷ። በዚያው ክፍል፣ በዚያው መስተዋት ፊት ቆማ፣ አገጯ ላይ የበቀለውን ጠጉር አንድ በአንድ ትነቅል ነበር። ድምፁ ሲመጣ አሮጊቷ ትስላለች። ስትስል ይቆማል። ሙት ሳል ይፈራል ወይ ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ ብርድ ልብሷን ትከናነባለች፣ በቃ።

አሁን ወረንጦው መዳፏ ላይ ነው፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሕያው ሰው ወረንጦ። የሙት ቢሆን ይሻላት ነበር። ሙት ቢያንስ መከራውን ጨርሷል።

ከትልልቁ ኪኒን አንዱን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትገዛበት ራሰ በራ መድኃኒት ሻጭ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ይሄ የምንድን ነው?»

«የስኳር ነው፣ እናቴ። ለእርስዎ ነው የታዘዘው?»

«ለጠላቴ» ብላው ዞረች። ሰውየው ለሌላም ነገር ይሰጣል ብሎ ማስረዳት ሲጀምር እሷ በሩን አልፋ ነበር። ሰው ሲያስረዳት አትወድም።

ስትመለስ ደረቷ ሞልቶ ነበር። ስኳሯን ደብቃ ያገባች ምራት ከተገኘች ከአጎትየው ጋር ብዙ ክርክር አያስፈልግም፤ ገና ሳይቀመጥ ነገሩ አለቀ። እንዲህ እያለች የላይኛውን ጥጥ አወጣች፣ በየክምሩ ዘረጋችው፣ ነጭና የላላ ነበር። መካከሉ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ከበደ። መካከሉ ብጫ ነው።

ጥጥ አይጣልም። ፍራሽ ሰፊ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ያረጀው ይፈታል፣ ፀሐይ ይመታል፣ ይባዘታል፣ ከአዲሱ ጋር ይኖራል። ለሠርጉ የገዛችው አዲስ ጥጥ አልበቃ ሲላት ከአልጋዋ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ጆንያ ጎተተችና መካከሉን ሞላችበት። ነጩን ከላይ፣ ነጩን ከታች። ማንም አላየ።

ያ ጥጥ የእታለም ፍራሽ ነው። እታለምን ባሏ በስድስተኛው ዓመት መለሳት፤ አልወለድሽም፣ ይባስ ብሎ ጢም አወጣሽ አላት። ታናሿ ዘንድ መጣችና ሁለቱ ጎን ለጎን ፍራሽ እየሰፉ ኖሩ። ወር አበባዋ አራት ወር፣ አምስት ወር ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ አይቆምም። አንድ ቀን ገበያተኛ ቤቱን ሞልቶ ሳለ አንዷ ሴትዮ ታናሿን ባልሽ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ወንድ አጣ ብትላት፣ የታናሿ ምላስ መቼ አርፎ ያውቃል፣ «ምን ወንድ አጣ፣ እህቴ አለች አይደል?» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እታለምም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አገጯን ያለ ሻሽ ያየ ሰው የለም። ሐኪም ጋ ሂጂ ስትባል «ሻሽሽን ፍቺ ይሉኛል» ትል ነበር። የመጨረሻው ደም ሃያ ቀን ሲፈስ ደበቀችው። በሃያ አንደኛው ቀን ሞተች፤ ታናሿ ፍራሹን ስታነሣ ከሥሩ ረጥቧል። የረጠበውን ጥጥ ቀበረች፤ ደረቁን አስቀመጠች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። አይታሽም።

ታዲያ የሾፌሯም ወር አበባ አንዳንዴ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይዘገያል። ቤቱ ትንፋሹን ይይዛል፤ ልጁ እያፏጨ ይገባል፤ አሮጊቷም ሰው ሳያያት ትንሽ ፍራሽ በስንዝር ትለካለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ባልዲ ውስጥ አንሶላ ተዘፍዝፎ ይገኛል። ሰው ፊት «ምራቴ መካን ናት» ትላለች። ብርድ ልብሷ ውስጥ ግን የምትለው ሌላ ነው። ያመከናት ጥጡ ነው ትላለች።

ሾፌሯ ዘጠኝ ተኩል ላይ ገባች። ሰሞኑን አራት ፌርማታ ቀድማ እየወረደች በእግሯ ነው የምትመጣው፤ አሮጊቷ ይህንንም ሥራ መጥላት ነው ብላ አውርታባታለች። የደንብ ልብሷ ጀርባዋ ላይ በላብ ተለጥፏል፤ በዚያ ሙቀት አንገት ልብሷን እስከ አፏ ጠቅልላለች። የተዘረገፈውን ጥጥ አየች። ከረጢቱን አየች። ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ፍራሽ ሰፊ ቤት፣ ፍራሽ ውስጥ» አለች አሮጊቷ። «አይጥ ድመት ብብት ሥር ትደበቃለች?»

«መሳቢያውን በየሳምንቱ ይበረብሩታል፣ እማማ። ቁም ሣጥኑንም። የት ላድርገው?»

«ስኳር እንዳለብሽ ለምን ደበቅሽ?»

«ስኳር የለብኝም።»

«መድኃኒት ሻጩን ጠይቄዋለሁ።»

«ግማሹን ሰምተው ወጥተው ይሆናላ።»

ሾፌሯ የመስፊያውን በርጩማ ስባ ተቀመጠችና፣ ደክሟት ስለነበር ይሆናል፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ አወጣችው። ፒሲኦኤስ የሚሉት የእንቁላል ከረጢት ችግር ነው፤ ከአሥር ሴት አንዷ አካባቢ አለባት። በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት ያልበሰሉ እንቁላሎች እንደ ዶቃ ተደርድረው ታዩ። እንደ እሷ አነጋገር፣ ተሳፋሪ ሞልቷል፣ ፌርማታው ላይ ተሰልፏል፣ አውቶቡሱ ግን ሰዓቱን አይጠብቅም፤ አንዳንዴ ሦስት ወር ይቀራል። የአገጩም ጠጉር ከዚሁ ነው። ትልልቁ ኪኒን ለስኳርም ለዚህም ይሰጣል፤ በእግር መሄዱም የሐኪሟ ትእዛዝ ነው። እንዲህ አድርጋ ወር አበባዋ ሦስት ወር ተከታትሎ በሰዓቱ መጣላት፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሦስተኛው የመጣው ትናንት ነው።

«ትንንሾቹ አምስቱ እንቁላሉን የሚያበስሉ ናቸው» አለች። «ከነገ ጀምሮ አምስት ቀን እውጣለሁ። ሐኪሟ አሁን ነው ጊዜው ብላኛለች። ላይዝም ይችላል። ግን አሁን ነው።»

«ልጄ ያውቃል?»

«እማማ፣ የፍራሹን ጥግ መልሶ ማን የሰፋው ይመስልዎታል?»

አሮጊቷ ጠማማውን ስፌት አየችው። እውነትም፤ በልጅነቱ ቁልፉን ራሱ ሲተክል እንዲህ ነበር የሚወጋው። በወለደችው ልጅ እጅ የተደበቀባት ነገር ጎኗ ላይ እንደ መርፌ ተሰካ።

«ከእኔ ለምን?» አለች።

«አፍዎን ስለፈራን።»

አሮጊቷ ብጫውን ጥጥ በጣቶቿ መፍተል ጀመረች። ስትናገር ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር።

«አራት ወር አምስት ወር ጠፍቶ፣ ከዚያ መጥቶ አልቆም የሚል ደምስ?»

«እሱም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። ብዙ እንዳይጠፋ የሚጠብቁኝ ለዚህ ነው። ምነው፣ ማን ነበረች?»

እንግዲህ ነገረቻት። እታለምን፣ ጢሙን፣ ሳቁን፣ ሃያውን ቀን፣ ጆንያውን። አላስዋበችም። አላለቀሰችም። በመጨረሻ ብጫውን ክምር በአገጯ አሳየቻትና «አራት ዓመት የተኛሽበት ይሄ ነው። እኔ ጥጡ ነው ብዬ ነበር» አለች።

ሾፌሯ ጎንበስ ብላ ትንሽ አነሣች፤ አሸተተችው፤ መለሰችው።

«ዛሬ ሊያወጡልኝ ነበር?»

መዋሸት ቀላል ነበር። አሮጊቷ ግን ኩሩ ናት፤ ውሸት የሚያስፈልገው ደካማ ነው ትላለች።

«ለምትቀጥለዋ ነበር» አለች። «አጎትየው አሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል።»

ሾፌሯ አንገት ልብሷን ቀስ ብላ ፈታችው። የአገጯ ቀኝ ጎን ለስላሳ ነው፤ ግራው ጥቁር፣ የተቆጣ፣ የቆሰለ።

«ጥጥ ወር አያዘገይም፣ እማማ» አለች። «ይሄን ግን ይዩት። ጠዋት ጠዋት ከመስተዋቱ ፊት ስቆም እርስዎ ይስላሉ። ሰማችኝ ብዬ አቆማለሁ። ግማሹን ሳልጨርስ ወጥቼ፣ ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍኜ መሪ እይዛለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሳልዎን ስፈራ ኖርኩ።»

አሮጊቷ ወደ መታጠቢያው ክፍል መስኮት አየች። ክፍት ነው። ውስጡ ጨለማ ነው። ለሙት የሳለችው ሳል ሁሉ ለዚህች ነበር የደረሰው። ወይስ ለሁለቱም? አዳመጠች። ዝም ብሏል፤ እሷ ግን ዝምታውን አላመነችውም።

ተነሣች። ብጫውን ጥጥ እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ ሰብስባ በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ፣ ወደ ራሷ ክፍል ገባች። የራሷን ፍራሽ ጎን በምላጭ ቀደደችና አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ሞላችው። ሾፌሯ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

«የእኔ እህት ናት» አለች አሮጊቷ፣ ሳትዞር። «እኔ ጋ ትተኛ።»

ከመርፌ ሣጥኗ ውስጥ የዛገ ወረንጦ አወጣች። እታለም ስትሞት ያስቀረችው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት የተበጠሰ ክር መልቀሚያ አድርጋዋለች። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፤ አልወደደችውም፤ መልሳ አስቀመጠችው። የሾፌሯን አዲሱን ወረንጦ ከከረጢቱ አነሣች። ኪኒኖቹን ደግሞ ከራሷ የግፊት መድኃኒት አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ማንም በሚያየው ቦታ ደረደረቻቸው።

በርጩማውን በሩ ደፍ ላይ፣ ፀሐይ በሚገባበት፣ አስቀመጠች።

«ነይ ተቀመጪ። ፊትሽን ወደዚህ አዙሪ።»

ሾፌሯ ተቀመጠች። አሮጊቷ አገጯን በመዳፏ ያዘች። ዓይኗ ለቅርብ ነገር አሁንም ስለት ነው፤ እጇም መርፌ የለመደ እጅ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ቀጭ። ድምፁ ያው ነው፤ ያ ድምፅ። ቢሆንም ሁለተኛውን ነቀለች። ሦስተኛውን።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከግቢው በር ውጭ አንድ ወንድ ሳለ፤ አጎትየው መምጣቱን የሚያሳውቀው እንዲህ ነው። ሾፌሯ ደነገጠችና፣ ልማድ ነውና፣ እጇ ወደ አንገት ልብሷ ሮጠ።

አሮጊቷ አገጯን አጥብቃ ያዘች።

«አትነቃነቂ» አለች። «ይሳል። እኛ ገና አልጨረስንም።»