ለኃይለ ሚካኤል የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት

ሰርካዲስ የልጇን ምሥጢር በገዛ እጇ ጽፋ ለቄስ ሰጠች። ልጇ ማዕረጉን ያጣው በዚህ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሷን ያመለጣት እጇ ነው፤ የተመለጠው ራስ ደግሞ የልጇ ነው።

ኢዮኤል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሁለት። በጥቅምት ከሳን ዲዬጎ ሲወጣ እናቱን አቅፎ አንድ ነገር ብቻ ለመናት። "እማዬ፣ የት እንዳለን አትጠይቂኝ። አምልጦኝ ብነግርሽም ለማንም እንዳትናገሪ።" በማርያም ማለችለት። አራት ወር መሐላዋን ጠበቀች፤ ጠበቀች ማለት ለሰው አልተናገረችም እንጂ እሱን መነዝነዙንስ አልተወችም። በደወለ ቁጥር "የት ናችሁ?" ትለዋለች።

"ውሃ ላይ።"

"ውሃው ስም የለውም?"

ሥራዋ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠፍ ነው። በምሳ ሰዓት ባልደረቦቿ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲወጡ እሷ ምድር ቤት፣ ከማድረቂያው አጠገብ ትቀራለች። "ልጄ ያለበት ባሕር ይኼ አይደለም፤ ምን አፈጥበታለሁ?" ትላለች። ያንኛውን ባሕር በስልኳ ታየዋለች። ድሮን፣ ሚሳይል፣ እየነደደች የምትንሳፈፍ የጭነት መርከብ። ከዚያ በኋላ እህል አይወርድላትም።

በየካቲት አንድ ቀን በስልክ አለቀሰችበት። "አንድ ሌሊት እንኳ ልተኛ፤ አንዲት ነገር ንገረኝ።" የእናቱን ለቅሶ የሚችል ልጅ አይደለም። "እሺ፣ ሐሙስ ባብ ኤል መንደብን እናልፋለን። ከዚያ ወዲያ ይቀላል" አላት።

እሷን ግን ያስጨነቃት "ሐሙስ" የሚለው ነው። የቀራትም እንቅልፍ ጠፋ።

ሎስ አንጀለስ በምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸሎት የሚሻ ሁሉ ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ቄሱ ያነባሉ፣ ሕዝቡ ይጸልያል። የሚጻፈው የክርስትና ስም ነው። ሰርካዲስ የተማመነችው በዚህ ነው። ኢዮኤል ክርስትና ሲነሣ ኃይለ ሚካኤል መባሉን ከእሷና ከእህቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ መሐላው አይፈርስም። "ለኃይለ ሚካኤል፣ ሐሙስ በባብ ኤል መንደብ ለሚያልፈው" ብላ ጻፈች። ጥቂት አሰበችና የመርከቧንም ስም ጨመረች። እዚያ ባሕር ላይ የሚተራመሰው መርከብ ብዙ ነው፤ መልአኩ እንዳይሳሳት።

ቄሱ ድምፀ መልካም ናቸው፤ ሁለቴ አነበቡት። ከፊታቸው የቆመው ካሜራ ከወረርሽኙ ዘመን ጀምሮ ቅዳሴውን በቀጥታ ያሰራጫል። ሰርካዲስ ራሷ ጉንፋን ሲይዛት አልጋዋ ላይ ሆና የምትከታተለው በዚያው ነው። የዚያን ዕለት ግን ትዝ አላላትም።

የራሷ ልጅ እዚያው መርከብ ላይ የሚያገለግል አንዲት የቨርጂኒያ ሐበሻ ሥርጭቱን ታይ ነበር። ሰምታ ደስ አላት። ቀኑንና ቦታውን በእንግሊዝኛ ተርጉማ የመርከቧ ቤተሰቦች በሚገናኙበት ገጽ ላይ ፖስት አደረገችው፤ ሐሙስ ሁላችንም እንጸልይ ብላ። ሳይመሽ ገጹ ተዘጋ፤ መርከቧም የምታልፍበትን ቀን ቀየረች። ሎስ አንጀለስ የምታስቀድስ እናት ያለችው መርከበኛ አንድ ብቻ ስለነበር ፍለጋው አልረዘመም። ኢዮኤልም አልካደም።

ይህን ሁሉ ለሰርካዲስ የነገረቻት ትልቋ ልጇ ፍናን ናት። "ዲሞት አደረጉት፤ ማዕረጉን ወሰዱበት። በአንቺ ምክንያት" አለቻት፤ ነገር ማለስለስ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢዮኤል ለእህቱ ይጽፋል፤ ለእናቱ አንድም ቀን አልደወለም። ይኸው አንድ ወር ሆነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰርካዲስ ፌርፋክስ፣ እትዬ ፅጌ ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ገባች።

"እንዴት ነው መርከበኛው? አለፈ?" አሉ እትዬ ፅጌ ከሚዛኑ ቀና ብለው።

"አለፈ።"

"በሰላም?"

"በሰላም።"

"ታዲያ ፊትሽ ምነው? ጸሎት ሠራ ማለት ነው!"

"ማዕረጉን ገፈፉት እኮ፣ እትዬ። እኔ ባስነበብኩት።"

"ማዕረግ! የእኔው ልጅ እዚሁ ጋርዴና ከተማ መጋዘን ላይ አለቃ ነው፤ ለፋሲካ እንኳ ብቅ አይልም። ማዕረጉን በወጥ ልብላው?" ሳቁ። "ይልቅ የምስጋናውን ወረቀት መቼ ነው የምትሰጪው? እግዜር ስለት በልታ ዝም አለች እንዳይልሽ።"

"ደግሞ ሌላ ወረቀት?"

"መቼም ተአምር ተደርጎልሽ አፍሽን አትዘጊም!"

ሰርካዲስ የተመዘነላትን በርበሬ ጥላ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ፍናን ሶፋው ላይ ነበረች። ሰርካዲስ ጫማዋን ሳታወልቅ የፍናን ስልክ ጮኸ።

"እሱ ነው" አለች ፍናን።

"ስጪኝ።"

"አይሆንም። ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ፤ ግን ምንም እንዳትይ።"

የኢዮኤል ድምፅ ተቆራርጦ መጣ። "ፍኑ? አሥር ደቂቃ ነው የሰጡኝ። እማዬ አለች?"

ሰርካዲስ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

"አጠገቤ ናት" አለች ፍናን።

"በቃ፣ ሌላ ቀን እደውላለሁ" አለ።

"ቆይ! አትዝጋው!" ሰርካዲስ ስልኩ ላይ አጎነበሰች። "ምንም አልጠይቅህም፣ የእኔ ጌታ። አንተ ከእህትህ ጋር አውራ፤ እኔ ዝም ብዬ ድምፅህን ልስማ።"

"ዝም እላለሁ ብለሽ ምለሽልኝ ነበር፣ እማዬ።"

"ለአንተ ብዬ ነው እኮ! እንዲጸልዩልህ!"

"አውቃለሁ። አልተቀየምኩሽም።" "ግን አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ አላወራም። ምሳ ምን እንደበላሁ እንኳ አልናገርም። ፍናን፣ ንገሪያት።"

ፍናን አልነገረቻትም። የስልኩን ሰዓት ብቻ አየች። "ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል" አለች።

ሰርካዲስ የምትለው ሞልቷት ነበር። ብቻዋን ማሳደጓን፣ አንድ ወር ሙሉ ስልክ ታቅፋ ማደሯን፣ እናት ጸለየች ተብላ ስትቀጣ ያየ ሰው አለመኖሩን። አንዱን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ደቂቃው ደግሞ የሱ ነው።

"ስድስት" አለች ፍናን።

ተነሣች። "አውሪው" አለቻት፤ ስልኩን ግን አላየችውም። ወደ ውጭው ደረጃ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።