የአጥቂዎቹ ግምገማ

ኳስ አቀባይ እያለ ተቀባይ ሲጠፋ እንዴት እንደሚያናድድ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። እኔ ሽፈራው፣ ቀን ቦሌ ሚካኤል ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስፈታ የምውል፣ ከሥራ በኋላ የቀበሌያችንን የእግር ኳስ ቡድን የማሠለጥን ሰው፣ የ1978ን በጋ በዚሁ ስናደድ ነው ያሳለፍኩት። አማካያችን ሐዱሽ ረጅም ኳስ ሲልክ የት እንደምታርፍ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። ግን ማን ይቀበለው? የድሮው አጥቂያችን ሥራ አግኝቶ አሰብ ገብቷል።

የከፍተኛው ቀበሌዎች የሚወዳደሩበት ዋንጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉግሳ አስጠራኝ። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አልለውም።

«የአጥቂዎችህን ግምገማ በጽሑፍ አምጣ» አለኝ። «ዕድሜ፣ ጤና፣ ትንፋሽ፣ ሥነ ሥርዓት፣ ሁሉንም።»

አልገረመኝም። ያኔ ያለ ግምገማ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ ስኳር ሲከፋፈል ግምገማ፣ ቦይ ሲጠረግ ግምገማ። ልወጣ ስል ግን «የእህቴን ልጅ ማሞንም እየው እንጂ» አለ፣ እየሳቀ።

ደሜ ፈላ። ማሞን በግድ አሰልፍ ሊለኝ ነው! አሥራ አንድ ዓመት ኳስ ተጫውቼ፣ ስድስት ዓመት አሠልጥኜ፣ ማን እንደሚሰለፍ የሚነግረኝ ኳስ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው?

እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ገብረትንሣኤ ፈጣን ነው፤ ግን ኳሷ እግሩን ስትነካ ግድግዳ እንደመታች ተመልሳ ትሄዳለች፤ ቁርጭምጭሚቱም አምና ከዞረ ወዲህ ያብጣል። ካሳዬ ግን ሌላ ነው። ከኋላው የመጣችለትን የሐዱሽን ኳስ ሩጫውን ሳያቆም በደረቱ አብርዶ እግሩ ሥር ያስቀምጣታል። የእትዬ ዘርፌ አንድዬ ልጅ ነው፤ የሚካኤል በር ላይ ጧፍ የሚሸጡት። «ካሳዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሙሉ ጤነኛ። ሁለት ሰዓት ቢሮጥ አይደክምም። የታዘዘውን ይፈጽማል» ብዬ ስጽፍ ደስ አለኝ፤ የራሴን ልጅ የማሞግስ ያህል ነበር።

ማሞ ጋ ስደርስ እልኬ መጣ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ መካከለኛ ችሎታ ያለው ተጫዋች ነው። እኔ ግን ጉግሳን ላቃጥለው ብዬ «ትንፋሹ አጭር ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዓይኑም ከሩቅ አያይም» አልኩ። ጉልበቱንም ዓይኑንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ፈረምኩ።

ጉግሳ አንብቦ ሲጨርስ ተነሥቶ ጨበጠኝ። «የማያዳላ ግምገማ ነው፤ በርታ!»

ያሸነፍኩት መሰለኝ። ሐዱሽ ላይ ስንት ጉራ ነዛሁበት መሰላችሁ! ሊቀመንበሩን አፉን አስያዝኩት አልኩት።

ሐሙስ ገርጂ ሜዳ ላይ ልምምድ እያደረግን ሳለን ጠመንጃ የያዙ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ሜዳው መሃል ገቡና ካሳዬን ከነማልያው ይዘውት ሄዱ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው አሉ። ከቀበሌው ኮታ አንድ ሰው ጎድሎ ኖሯል። ፊሽካዬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ከገርጂ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሮጥኩ።

«ግምገማው ለውትድርና መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጉግሳ ላይ ጮኽኩበት።

«ብነግርህ እውነቱን ትጽፍ ነበር?»

«ለእናቱ አንድ ነው!»

የጻፍኩትን ግምገማ አንሥቶ አገላበጠው። «እሱን አልጻፍክም።»

«የማሞ ውሸት ነው! ጉልበቱም ዓይኑም ደህና ነው፤ ከካሳዬ በምን ያንሳል?» አልኩ። አዎ፣ ምንም ያልበደለኝን ልጅ ልሰጣቸው ነበር። ቢሰማኝ ኖሮ ይህንንም አደርግ ነበር።

ጉግሳ እጁን ስልኩ ላይ አሳረፈ። «ይህ ፊርማ የማን ነው? ለአብዮታዊ መንግሥት ሐሰተኛ ሰነድ ጽፌያለሁ ነው የምትለኝ? ደግመህ በል፣ ሰዎች ልጥራና ይስሙህ።»

ዝም አልኩ። አሁን ሳስታውሰው ጥርሴ ይፋጫል። የምናደደው በጉግሳ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የሚያናድደኝ ግን ያ ዝምታዬ ነው።

ስወጣ እትዬ ዘርፌ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረዋል።

«አንተ ነህ አሉ የጻፍከው።»

«እትዬ፣ ለኳሱ መስሎኝ ነው። ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ፣ ጎበዝ ስለሆነ ነው እንጂ…»

«ጎበዝ መሆኑን እኔ አላውቅም?» ድምፃቸው መንገደኛውን ሁሉ አስቆመው። «ሰው ልጅሽ እንዴት አደገ ባለኝ ቁጥር፣ ኧረ እሱ በሽተኛ ነው፣ ምግብም አይበላ፣ እያልኩ ያሳደግኩት ለምን ይመስልሃል? ከሰው ዓይን ስደብቀው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ! አንተ ማን ነህና ነው ጽፈህ የሰጠህብኝ?»

በጎናቸው ላልፍ ሞከርኩ። እሳቸው ግን መልስ ሳትሰጠኝ አታልፍም ብለው መንገዱ ላይ ቆሙ።