አሸዋ ላይ የተደፋ ሲሚንቶ

ሰውየው ሥራው ጫማ መሸጥ ነው፤ እውቀቱ ግን ጫማ ላይ አይቆምም። ስለ በሽታ ከሐኪም፣ ስለ መኪና ከሹፌር በላይ ያውቃል። ጎረቤቱ «ኢንጂነሩ» ሲለው ሙገሳ መስሎት ደረቱን ይነፋል።

ያን ሰሞን የሚስቱ እናት አብራቸው ልትኖር ነበር። አሮጊቷ የምትሄደው ባለ ጎማ መደገፊያ እየገፋች ነው። ቁርጡንም አስቀድማ ተናግራለች፦ «ከቤት እስከ አጥር በር ራሴን ችዬ ካልወጣሁ አልቀመጥም። እንደ ጆንያ የሚሸከመኝ አልፈልግም።» ለዚሁ ሲባል ግቢው በተደለደለ አሸዋ ላይ ጡብ ተነጠፈበት። የቀረው በጡቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው።

«ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ እናስገባበት» አለች ሚስት። «ሥሩ አሸዋ ነው፤ ጡቡ መነቃነቁ አይቀርም። አሸዋ ከሆነ አብሮት ይነቃነቃል።»

ኢንጂነሩ ከት ብሎ ሳቀ። «አሸዋ በአሸዋ! ጭቃ የምናቦካ ሕፃናት ነን እንዴ? ሲሚንቶ ነው እንጂ! የልጅ ልጅ ያየዋል።»

«የልጅ ልጁ ይቅርና ክረምቱን ያይ ይሆን?»

ሚስት እናቷን ልታመጣ በሄደችበት ሲሚንቶውን ደፋው። ስትመለስ ጡቡ ሁሉ ሲሚንቶ ተለቅልቆ የወፍጮ ቤት ወለል መስሏል። ባልዋ መሀሉ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ የሚቀረው የሚያጨበጭብለት ሰው ነው።

ዝናብ ዘነበ፣ ፀሐይ ወጣ። ጡቦቹ እንደ ጠባያቸው ወረድ ከፍ ሲሉ ግትሩ ሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ ተፈረካከሰ። የመደገፊያው ጎማ ባዶው ክፍተት ውስጥ ተቀረቀረና አሮጊቷ መሀል ግቢ ቆማ ቀረች።

«ልደግፍዎት እማማ!» ኢንጂነሩ ሮጠ።

«ወዲያ! መደገፊያማ አለኝ። መንገዱን ነው ያበላሸህብኝ።»

«ጥፋቱ የአሸዋው ነው፤ ከታች ከዳኝ። ከላይ ሌላ ሲሚንቶ ብደርብበት…»

አሮጊቷ ወደ ልጇ ዞረች። «ይሄ ባልሽ ራሱን ሲያመው ባርኔጣ ነው የሚደርበው? በይ ሻንጣዬን አዘጋጂልኝ፤ ነገ እሄዳለሁ።»

ልጅቷ ሻንጣ አልነካችም። መሮና መዶሻ አመጣች። መደገፊያው በሚያልፍበት ስፋት፣ ከደጃፉ እስከ አጥሩ በር፣ ሲሚንቶውን ፈልፍላ አወጣች። ያዘነበሉትን ጡቦች አቃናች። ከዚያ ደረቅ አሸዋ በትና በመጥረጊያ እያመላለሰች አስገባች፤ ጡቡን በጎማ መዶሻ መታ መታ አደረገች፤ አሸዋው ሰርጎ ሲጎድል ጨመረች፣ ክፍተቱ ጠግቦ እምቢ እስኪል። ባል እጁን ኪሱ ከቶ «ነፋስ ይወስደዋል»፣ «ጉንዳን ይቆፍረዋል» እያለ ሟርቱን ያወርዳል።

«የቀረውስ ግቢ?» አላት ስትጨርስ።

«እሱ ያንተ ነው። እንደ ሐውልት ጠብቀው።»

አሮጊቷ መደገፊያዋን እየገፋች ብቻዋን አጥሩ በር ደረሰች፤ ጎረቤት ሰላም ብላ፣ ወሬ ሰምታ፣ ብቻዋን ተመለሰች። ስለ ሻንጣውም ዳግመኛ አላነሳችም።

ኢንጂነሩ ግን ሚስቱ በሠራችው ላይ መርገጥ ውርደት መሰለው። በራሱ ሲሚንቶ በኩል ይመላለሳል፤ የላሉት ጡቦች ከእግሩ ሥር ኳ፣ ኳ ይላሉ። አንድ ምሽት ከሥራ ሲገባ አሮጊቷ ጆሮዋን ቀሰረች።

«ግቢሽ ፍየል ገባበት መሰለኝ።»

«ምን ፍየል አለ እማዬ» አለች ልጅቷ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «ፍየልማ መንገዷን ታውቃለች።»