የልብስ ሰፊው ግድግዳ

የሻጋታ መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «አፍንጫዬ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ደጃፍ ላይ ቆማ አንዴ አየር ሳብ ካደረገች ቤቱ የት ጋ እንደረጠበ ታውቃለች እያሉ ያጋንኑላታል። እሷ ግን ሙገሳውን እንዳለ አትቀበለውም። «አፍንጫዬ በየት በኩል እንደምጀምር ይነግረኛል፤ የቀረውን የሚናገረው መለኪያው ነው» ትላለች።

ወደዚህ ሥራ ከመግባቷ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቤት ቀለም ቀብታለች። ያኔ ባለቤቶቹ «እቺን ጥቁር ነገር ድራሿን አጥፊልን» ካሏት፣ ሁለት እጅ ነጭ ቀለም ታለብሳትና ዕቃዋን ሸክፋ ትወጣለች። አንድ ቀን ታዲያ ለሽያጭ ብላ ባሳመረችው ቤት ደጅ ስታልፍ፣ አዲሷ የቤቱ እመቤት ሳል ያጣደፈውን ሕፃኗን ታቅፋ መስኮቱ ላይ ቆማ አየቻት። ሕፃኑን ያሳለው ግድግዳው ይሁን ተራ ጉንፋን የነገራት ሰው የለም። እሷን ግን ያን ቀን ምሳ አልበላ አላት። ብሩሿን አስቀመጠችና የእርጥበትና የሻጋታ ምርመራ ልትማር ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ያየችውን ነገር፣ ማንም ቢለምናት፣ ቀብታ አታልፍም።

አንድ ዓርብ ጠዋት አንዲት አዋላጅ ነርስ ደወለችላት። ድምፅዋ ምጥ ላይ ያለች ሴትን የምታዝዝ ይመስል ነበር።

«እህቴ፣ የአባቴ መኝታ ቤት ሻግቷል። ነይና እይው፤ ከዚያ ቤቱ ሰው አይኖርበትም የሚል ወረቀት ጻፊልኝ።»

«እመጣለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ» አለች መርማሪዋ።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! የምታዪው እሱን ነው።»

ቤቱ በአንድ ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ያለ፣ ፊት ለፊቱ ጣሪያ ያለው ሰፊ በረንዳ የተቀጠለበት ያረጀ ግን የሚያምር ቤት ነው። በሩን የከፈቱት አባትየው ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሱሪያቸው መስመር ጣት የሚቆርጥ ይመስላል። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች፤ ብቻውን የሚኖር ሰው በዓርብ ጠዋት እንዲህ የተተኮሰ ሱሪ ሲለብስ አይታ አታውቅም።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አሏት። «ቤቱ ደህና ነው። የታመመችው ይቺ ልጅ ናት፤ ጭንቀት ይዟታል።»

«አባዬ፣ ጀመርክ ደግሞ!» አለች አዋላጇ ከኋላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ልብስ ሰፊው የዓይን ሞራ ተገፍፎላቸዋል። ሐኪሙ «ለሦስት ወር ስፌት አይንኩ» አላቸው። ልጃቸው የሐኪሙን ሦስት ወር ተቀብላ ዕድሜ ልክ አደረገችው። የልብስ ስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍና፣ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣ፣ መኝታ ቤታቸው ጥግ ላይ ጠረጴዛ አደረገችው። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷን ብቻቸውን ማሳደር ያስፈራታል። እሷ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ትርፍ ክፍልም አላት። አባቷ ግን አልሄድም ብለው እንደ ችካል ተተክለዋል። አልጋቸውን ልታነጥፍ ገብታ ከቁምሳጥኑ ጎን አጮልቆ የሚያይ ጥቁር ነጥብ ስታገኝ፣ ደነገጠችም፣ በልቧም «እሰይ» አለች።

መርማሪዋ ሥራዋን ከውጭ ጀመረች። የጣሪያው አሸንዳ ንጹሕ ነው። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ ስለሚያዘቀዝቅ የዝናብ ውሃ አይተኛበትም። ወደ ውስጥ ገብታ መታጠቢያ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ የቧንቧዎቹን መጋጠሚያ ሁሉ በእጅ ባትሪ አየች፤ በጣቷም ዳሰሰች። ጠብ የሚል ነገር የለም። መኝታ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለች።

የሻጋታ ሽታ መኖሩ የታወቀ ነው። ከሱ ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ፤ የጋለ ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ዓይነት።

መስኮቱ ተዘግቷል። መጋረጃው ወፍራም ነው። በመስኮቱ ክፈፍ ቀዳዳዎች ውስጥ እንኳ ጋዜጣ ተጠቅጥቋል።

«ይበርድዎታል እንዴ አባባ?» አለቻቸው።

«ድምፅ ይረብሸኛል» አሉ ቶሎ ብለው።

ሦስቱም ተጋግዘው ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አራቁት። ከጀርባው፣ ከወለሉ እስከ ትከሻ ድረስ፣ ሻጋታው ቀለም እንደተደፋበት ወረቀት ጥቁርና አረንጓዴ ሆኖ ተንሰራፍቷል።

«አየሽ? አየሽልኝ?» አለች አዋላጇ። «አባዬ፣ ዛሬውኑ ልብስህን ሻንጣ ውስጥ እንከታለን!»

ልብስ ሰፊው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና የሱሪያቸውን መስመር በጣታቸው ያስተካክሉ ጀመር።

መርማሪዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና መለኪያዋን አወጣች። ባለ ሁለት ሹል ጥርስ ትንሽ መሣሪያ ናት። የግድግዳው ፊት ረጥቧል፤ ጠለቅ ስትል ግን ደረቅ ነው። እታች መሬቱ አጠገብም ደረቅ ነው። ይህ ማለት ውሃው ከመሬት አልወጣም፣ ከቧንቧም አልፈሰሰም፤ የመጣው ከክፍሉ አየር ነው። የአየሩን እርጥበት ለካች፤ ሰማንያ አንድ ከመቶ። ሳሎን ሄዳ ለካች፤ አምሳ። ተመልሳ ገባች።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ውሃ የሚፈላበት፣ እንፋሎት የሚወጣበት ነገር አለ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አለች አዋላጇ። «ሻይ እንኳ የሚጠጣው ሳሎን ነው።»

«ላብ ይሆናል» አሉ ልብስ ሰፊው ወለል ወለሉን እያዩ። «እኔ ስተኛ የሚያልበኝ ሰው ነኝ።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ይህን ያህል የሚያልበው ሰው አልጋው ላይ ሳይሆን ባልዲ ውስጥ ነው የሚተኛው። ዓይኗ ጥግ ወዳለው የስፌት መኪና ሄደ። ቁምሳጥኑም መደርደሪያውም ላይ አቧራ አለ፤ በፕላስቲክ አበባው ዙሪያ ግን አንዲት ብናኝ የለም።

ይሄኔ የአዋላጇ ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታል ነው። «መጣሁ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። በሩ ገጠም እንዳለ መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ ካውያው የት ነው ያለው?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። መካድ እንደማያዋጣ ገባቸው መሰለኝ፣ ጎንበስ አሉና አልጋው ሥር አሳዩዋት። ካውያ፣ ውሃ ማፍያ፣ የተጠቀለለ የመተኮሻ ብርድ ልብስና አንድ ካርቶን ሙሉ ሱሪ ተደርድሯል።

«ሌባ አይደለሁም ልጄ» አሉ። «የጓደኞቼ ናቸው። ሰው ሲያረጅ ወይ ይወፍራል ወይ ይከሳል፤ እንደነበረ የሚቀር የለም። የአንዱን ወገብ አሰፋለሁ፣ የሌላውን አጠባለሁ። ጎረቤት የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ለልጄ እንዳይነግርብኝ ነው መስኮቱን የምደፍነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቀኑ አላልቅ አለኝ። መርፌ ስይዝ ያልቅልኛል።»

«ለምን አይነግሯትም?»

«ትለቅሳለች። ካለቀሰች ደግሞ እሺ እላታለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።» ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «በሞቴ፣ ወረቀቱ ላይ ዝናብ ነው ብለሽ ጻፊ።»

መርማሪዋን ያ የሚያስለው ሕፃን የታየበት መስኮት ትዝ አላት።

«አባባ፣ እሱን አልችልም። ዝናብ ነው ብዬ ብጽፍ ደህናው ጣሪያ ይነሳል፤ እርስዎም በእንፋሎቱ ውስጥ መተኛትዎን ይቀጥላሉ። ደረትዎን ይጎዳዋል። እውነቱን እጽፋለሁ። ልጅዎ ከወረቀት ላይ ከምታነበው ግን ከአፍዎ ብትሰማው ይሻላል።»

ይህን እያለች የውጭው በር ተንኳኳ። አዋላጇ ስልኳን ጨርሳ ስትገባ ነበርና እሷ ከፈተች። አንድ ቦርጫቸው ቀድሟቸው የሚገባ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ከረጢት ይዘው ቆመዋል። ሲያዩዋት ክው አሉ።

«ካ… ካሮት ነው ያመጣሁለት!»

«ጋሼ፣ ያለፈው ሳምንትም ካሮት ነበር፤ ከዚያ በፊትም ካሮት። አባቴን ጥንቸል አስመሰላችሁት እኮ!»

«ለዓይን ጥሩ ነው ብዬ ነው ልጄ…»

ከረጢቱን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ ሹፌሩ አልለቅም አሉ። ወዲህ ሲጎተት ወዲያ ሲጎተት የከረጢቱ ጆሮ ተበጠሰና ከአራት ካሮት ሥር አንድ የሰርግ ሱፍ ሱሪ ወለሉ ላይ ዝርግፍ አለ። ዳሌው ላይ ባለፈው ሲለካ በጠመኔ ምልክት ተደርጎበታል። የአባቷ እጅ መሆኑን ለማወቅ አዋላጇ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋትም። ትምህርት ቤት ስትገባ የለበሰችውን የደንብ ልብስ የለኩት በዚያ እጅና በዚያ ጠመኔ ነው።

ልብስ ሰፊው ከመኝታ ቤታቸው ወጡ።

«ግድግዳውን ያሻገትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በካውያ።»

አዋላጇ አባቷን አየች፣ ሹፌሩን አየች፣ መርማሪዋን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሐኪሙ ያለው ሦስት ወር ያለቀ ዕለት ጀመርኩ። አንድ ቀን አላስቀደምኩም።»

«እኔ እኮ ዓይንህ እንዳይጠፋብኝ ነው! ማዋለጃ ክፍል ቆሜ ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንተ ወድቀህ ይመስለኛል!»

«አውቃለሁ ልጄ። አውቄ ነው የዋሸሁሽ። ጥፋተኛ ነኝ።»

ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ቁጣሽ ትክክል ነው፤ እኔም ድርሻዬን እቀበላለሁ። ነገር ግን ነገ ሴት ልጄን እድራለሁ፤ ይሄ ሱሪ ደግሞ ከጉልበቴ በላይ እምቢ ብሏል። ቁጣውን ለከነገ ወዲያ ብታቆይልን?»

አዋላጇ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁና እንባው ተደባለቁባት። መርማሪዋም መሳቅ የማይገባት ቦታ መሆኑን ረስታ አብራ ሳቀች።

ስፌት መኪናው እዚያ ሻጋታ ውስጥ አይነካም ያለችው መርማሪዋ ናት። አራት ሆነው ተሸክመው በረንዳው ላይ አወጡት። ልብስ ሰፊው ተቀመጡ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉና በመርፌው ቀዳዳ አንዴ ሲልኩት አለፈ። አዋላጇ አጠገባቸው ቆማ ታይ ነበር። ቀና ብላ መርማሪዋን አየቻትና በሹክሹክታ «እኔ መነጽር አድርጌም ሦስት ጊዜ እስታለሁ» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ አባቷ ጎን ቁጭ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን ስትጠብቅ፣ ዓይናቸው ሲሠራ አይታው አታውቅም ነበር።

መርማሪዋ ሪፖርቷን እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ቤቱ ጤነኛ ነው፤ ሰው ይኖርበታል። ክፍሉ ግን እንደ ልብስ መተኮሻ ተሠርቶበት እንደ ሣጥን ተዘግቷል። ሻጋታው በባለሙያ ይፋቅ፤ ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም እንዳይነካው። ቁምሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ። ጋዜጣው ከመስኮቱ ይውጣ። ካውያና ውሃ ማፍያ መኝታ ቤት ውስጥ ይከልከል።

«ግድግዳው እስኪደርቅስ የት ይተኛል?» አለች አዋላጇ፤ ዓይኗ ውስጥ ተስፋ ነበረ።

«ካንቺ ዘንድ» አሉ ልብስ ሰፊው ከሱሪው ቀና ሳይሉ። «እንግዳ ሆኜ። ሻንጣዬን ግን አላራግፍም።»

ከአንድ ወር በኋላ መርማሪዋ ግድግዳውን ደግማ ልትለካ መጣች። በረንዳው ላይ ሰው ተሰልፏል። የአዋላጇ የሥራ ባልደረቦች ነጭ ጋዋናቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ይሳሳቃሉ፤ ከነሱ ኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከረጢታቸውን በግላጭ ይዘው ቆመዋል። አዋላጇ በእረፍት ቀኗ ወረቀት ይዛ ስም ትመዘግባለች። ደንብም አውጥታለች፤ በየሰዓቱ አባቷ ተነስተው ግቢውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መኪናው ይሸፈናል።

መርማሪዋ አልፋ ልትገባ ስትል የአውቶቡስ ሹፌሩ በቦርጫቸው መንገዱን ዘጉት።

«የኔ እህት፣ ሰልፍ አለ።»

«እኔ የመጣሁት ለግድግዳው ነው።»

«የመጣሽው ለጣሪያውም ቢሆን ከኔ ኋላ ነሽ።»

አዋላጇ እየሳቀች እጇን ይዛ አስገባቻት። መኝታ ቤቱ ውስጥ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አልጋው ተነጥፏል፤ የተፋቀው ግድግዳ ቀለም አልነካውም። መርማሪዋ መለኪያዋን በአራት ቦታ አሳረፈች። አየሩ አምሳ ሁለት፤ ግድግዳው ደረቅ። ቁጥሩን ጻፈችና «አሁን መቀባት ይችላል» ስትል፣ ከበረንዳው የልብስ ሰፊው ድምፅ ተሰማ።

«ቀለሙን እኔ እመርጣለሁ! ነጭ እንዳታመጡብኝ!»