ዐሥራ ሰባት ደረጃ

የስቱዲዮው ሰዎች ጋሽ ኮቴ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሌሎች ሰዎች ፈንታ ሲራመዱ የኖሩ ናቸው። ፊልም ሲቀረጽ የተዋናዩ ንግግር እንጂ የጫማው ድምፅ እምብዛም አይያዝም። ስለዚህ ጋሽ ኮቴ ዓይናቸውን ከምስሉ ሳይነቅሉ፣ ከማይክሮፎኑ ፊት ለወታደሩ በከስክስ ጫማ፣ ለሙሽራዪቱ በታኮ፣ ለሌባው በካልሲ ይራመዳሉ። በመደርደሪያቸው ላይ አርባ ያህል ጫማ አለ፤ የሴቶቹም ሳይቀር በእሳቸው እግር ልክ የተገዛ ነውና ብዙ ተቀልዶባቸዋል። በመንገድ ሲሄዱ ቀኝ እግራቸው ትንሽ ይጎተታል፤ ለሌላ ሰው ሲራመዱ ግን ያ ጉተታ ፈጽሞ አይሰማም።

የዚያን ቀን የቀረበላቸው ትዕይንት አንድ ብቻ ነበር። አንዲት ምስክር ሴት ፎቅ ላይ ባለ ክፍል ተደብቃለች፤ ሊገድላት የሚፈልገው ሰው ደረጃውን ይወጣል። ካሜራው ከሴቲቱ ፊት አይነቃነቅም፤ ሰውየውም አይታይም። እንግዲህ ተመልካቹን የሚያስፈራው በጆሮው የሚገባው ብቻ ነው።

«ጋሽ ኮቴ፣ በግልጽ ልንገርዎት» አለ ወጣቱ ዳይሬክተር። «ፕሮዲውሰሩ ‹ተቀድቶ የተቀመጠ ኮቴ በኮምፒዩተር እያለ ሽማግሌ ምን ይሠራልናል?› እያለ ነው። እኔ ነኝ የምከራከርልዎት። ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይህችን ካሳመሩልኝ አፉን አስይዘዋለሁ። ካልሆነ ግን…»

«ካልሆነማ ቤቴ እቀመጣለኋ!» አሉ ጋሽ ኮቴ እየሳቁ።

ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። እሳቸውን የሚያስፈራቸው ቤት መቀመጡ ነው። አንድ ልጃቸው ከስድስት ዓመት በፊት በአባቱ ክፉ ቃል ተቀይሞ፣ የቤቱን ደረጃ ወርዶ ሄዷል። መርከብ ላይ እንደሚሠራ ከሰው ሰምተዋል እንጂ እሱ አንድ መስመር አልጻፈም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ልባቸው ቀጥ ይላል። ሳምንቱ ሁሉ እሑድ ከሆነ እንዴት አድርገው ሊኖሩ ነው?

ስቱዲዮው ውስጥ ከሣንቃ በተሠራው ደረጃ ላይ ቆሙ። ለፊልሙ ሙዚቃ የምትሠራው ወጣት ሙዚቀኛ ያዘጋጀችው ወፍራም የክር መሣሪያ ድምፅ ከሥር ማጉረምረም ጀመረ፤ እሳቸውም መራመድ ጀመሩ። ገና አጋማሹ ላይ ሳይደርሱ ዳይሬክተሩ እጁን አነሣ።

«ምን ሆነዋል? ይሄ እኮ ገዳይ አይደለም። ስጦታ ይዞ የሚመጣ አጎት ነው!»

«እኔማ ተነሥቼ በሩን ልከፍትለት ነበር» አለች ሙዚቀኛዋ።

ከስክሱን አጠለቁ። «አሁን ደግሞ ስጦታው ከብዶታል» አለች። ሙዚቃውን ከፍ አደረገችላቸው፤ ያም ባሰ። ሙዚቃው ፍሩ ፍሩ ይላል፤ ኮቴው ግን መጣሁ፣ ደረስኩ ይላል። ጋሽ ኮቴ ራሳቸው ሰሙት። ስድስት ዓመት ሙሉ በሐሳባቸው ደረጃ ላይ የሚራመደው አንድ ሰው ብቻ ነበርና፣ እግራቸው ሌላ ሰው ማምጣት ተስኖታል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጋሽ ኮቴ ተቀምጠው የጫማውን ማሰሪያ ፈቱ። ሠላሳ ዓመት የሚመጣውን ሰው ሲራመዱ፣ ከበሩ ኋላ ሆና የምትሰማዋን አንድ ቀን እንኳ አስበዋት አያውቁም። የቤታቸው ደረጃ ዐሥራ ሰባት ነው። እሑድ እሑድ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ የሚወጣውን ኮቴ ይቈጥራሉ፦ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት። እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። ከሦስት ደረጃ በታች የሚኖረው ጎረቤት ነው፤ ቁልፉን እየፈለገ ነው። ነገር ግን ቁልፉ እስኪንቃጨል ድረስ ያለችው ዝምታ ከሳምንቱ ሁሉ ትረዝማለች።

«ሙዚቃውን አጥፊልኝ» አሉ ቀና ብለው።

«ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን? ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ልጄ፣ ዜማን የሚያከብደው ዕረፍቱ ነው። የት የት ላይ መፍራት እንዳለበት ሙዚቃው ከነገረው፣ ሰሚው ምን ሥራ ቀረው? እስከ አምስተኛው እርምጃ አቆዪው፤ ከዚያ ማንም ሳያውቅ ይጥፋ። ጆሮ የተደገፈውን ሲያጣ ያን ጊዜ ይሰማል።»

ተራ ጫማ አጠለቁ። ሳይቸኩሉ፣ ሳይከብዱ፣ አንዱን እርምጃ ከሌላው ሳያስበልጡ ወጡ። ሙዚቃው መቼ እንደ ተለየ አልታወቀም፤ ከምስሉ ጋር የተቀዳው የቧንቧ ጠብታ ብቻ ቀረ። ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ ሦስት። ዐሥራ አራት።

ቆሙ።

በምስሉ ላይ የሴቲቱ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ጠብታው አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ሁለተኛው ዘገየ። የዳይሬክተሩ ብዕር በአየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ጋሽ ኮቴ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ፤ የጫማው ቆዳ ሲጢጥ አለ።

«ኧረ በፈጠራችሁ!» ብላ ሙዚቀኛዋ ጆሮዋን ያዘች።

ዳይሬክተሩ ላቡን ጠረገ። «ጋሼ፣ ይሄን የት ተማሩት?»

«እሑድ እሑድ» አሉ።

ሥራቸው በእጃቸው ቀረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ደረሱ፤ ከደረጃው ሥር ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ቆሙ። በሥራ ቀን ከበሩ ኋላ ያለችው ሚስታቸው ናት። የእሳቸውና የልጃቸው አረማመድ አንድ ነው ይባል ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ዐሥራ ሰባት ደረጃ ያህል ልጇን ሲያመጡላት፣ በሩ ላይ ሲደርሱም ሲወስዱባት ኖረዋል ማለት ነው።

«እኔ ነኝ!» ብለው ከታች ጮኹ።

በሩ ተበረገደ። «ምነው? ማን ጩኽ አለህ?»

«ሌላ ሰው መስሎሽ እንዳትደክሚ ብዬ ነው።»

ሚስታቸው መደገፊያውን ይዛ ቁልቁል አየቻቸው። «ቀኝ እግርህ ትጎተታለች፤ የእሱ አትጎተትም። ገና ሦስተኛው ላይ አውቅሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እስከ በሩ ድረስ አላወቅሁም እላለሁ። እሷን ታህል ተስፋ ልትነሣኝ ነው?»

«በሩን ዝጊው» አሉ ጋሽ ኮቴ።

መቀርቀሪያው ቀጭ እስኪል ጠበቁ። ከዚያም ጉልበታቸው እየተቃወመ፣ ቀኝ እግራቸውን እንዳይጎተት ከወትሮው ከፍ አድርገው በማንሣት፣ አንድ ብለው ጀመሩ።